ምንም የሌለበት አበባ

ባለፈው ነሐሴ መግቢያ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቁስቋም በታች ያለው የሰፈራችን እድር በአንድ የጎመን አበባ ምክንያት ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። ዜናው ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው።

ማብራሪያውን ከዓይን ልጀምር። ዕድሜዬን በዜና ሥራ ስገፋ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ አንድን የመኪና ግጭት አምስት ሰዎች ቆመው ካዩት አምስት ግጭት እንደሚሆን ነው። አንዱ መኪናው ቀይ ነበር ይላል፤ ሌላው ነጭ ነበር ብሎ ይምላል፤ ሦስተኛው ስለ ሾፌሩ ጠባይ ይነግራችኋል። ማናቸውም አይዋሹም። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል፤ ልብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርደው ዓይን ሥራውን ሳይጨርስ ነው። ስለዚህ እኔ ስሜት የሚባለውን ነገር በሩቁ ሰላም እለዋለሁ እንጂ ቤቴ አላስገባውም።

እድራችን በየዓመቱ ለአባላቱ የግድግዳ ካላንደር ያሳትማል። አባላቱ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም ነን። ለለቅሶ ድንኳኑን አብረን እንተክላለን፣ ንፍሮውን አብረን እንቆረጥማለን፤ በሞት ጉዳይ ችግር የለብንም። ችግር የሚመጣው ፎቶ ሲመረጥ ነው። አንድ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወጣና ቅሬታ መጣ። በቀጣዩ ዓመት እንግዲያው ፎቅ ይሁን ተባለ፤ ፎቁ የሊቀመንበሩ አማች ንብረት ሆኖ ተገኘ። አምና ጉባኤው ምንም ዓይነት ምልክት የሌለበት ነገር ይፈለግ ብሎ ወሰነ። አበባ ተባለ። አበባ ማንን ያስቀይማል?

እኛን አታውቁንም።

ፎቶውን ያነሳችው ዘይነባ ናት። አባቷ ሐጂ ኑሩ አዲሱ ገበያ ስኳርና ዱቄት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘይነባ ቀን ቀን እዚያው ሱቅ ትቆማለች፤ ትርፍ ሰዓት ስታገኝ ግን ስልኳ ካሜራ ላይ አውራ ጣት የምታክል ማጉያ መነጽር ትሰካና አጥር ሥር በሆዷ ትተኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ራሷን ሳተች ብሎ ውሃ ይዞ ይሮጥ ነበር። አሁን ለምደናታል፤ ዞር ብለን እናልፋለን። የምታነሳው እኛ ረግጠን የምናልፈውን ነው፦ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ላይ ያለውን መስመር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ያለውን ዙር። አንድ ቀን ያሳየችኝ ፎቶ ከአውሮፕላን የተነሳ ወንዝ መስሎኝ የየት አገር እንደሆነ ጠየቅኳት። የቆስጣ ቅጠል ነበር።

ከሱቁ ጎን ባዶ ጆንያ የሚከማችባት ጠባብ ክፍል አለች። ዘይነባ ፎቶ ቤት ላድርጋት ብላ አባቷን ለምናለች። ሐጂ ኑሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነጋዴ ናቸው። ሰው ማንም ሳያስገድደው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ፎቶ አንሺና ክፍሏን ውሰጃት አሏት፤ እስከዚያው ጆንያው ይቀመጥባት። እንግዲህ ካላንደሩ ለእኛ ካላንደር ነው። ለእሷ ክፍል ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ፎቶውን ለጉባኤው ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አባላችን ጋሽ ዘውዴ ጓሮ ውስጥ ለዘር ከተተወ ጎመን ላይ የተነሳ አንድ ቢጫ አበባ፣ ወረቀቱን ሞልቶት። መጀመሪያ ሁሉም ወደደው። ከዚያ ጋሽ ተስፋዬ ተነሡ። ጋሽ ተስፋዬ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ፣ ከሁሉም በላይ ግን የደንብ ሰው ናቸው። ምልክት አይግባ ተብሎ ተወስኖ ሳለ ይህ መስቀል አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ። ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። አራት ቅጠል፣ በአራት አቅጣጫ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ይህን የሰሙት ጋሽ ዘውዴ በተራቸው ተነሡ። ማኅበርና ሰንበቴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። መስቀል ከሆነማ ለምን ተጋደመ፣ ማንስ ነው ያጋደመው አሉ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለእሳቸውም የጓሯቸው ጎመን ብቻ ነበር።

ሐጂ ኑሩ ከኋላ ወንበር ሆነው፣ "እኔ የሚታየኝ አበባ ያወጣ ጎመን ነው" አሉ። "አበባ ያወጣ ጎመን ደግሞ አይበላም፣ አይሸጥም።"

ሳቅ ሆነ። ዘይነባ አልሳቀችም።

እኔ እንደ ልማዴ መረጃ አቀረብኩ፤ የጎመን አበባ ሁሉ ባለ አራት ቅጠል ነው፣ የባለቤቱን ሃይማኖት ጠይቆ አያብብም አልኩ። መረጃ በጉባኤ ፊት ምን ያህል እንደሚደመጥ ታውቃላችሁ። ነገር ነገርን እያነሳ ድንኳኑን ማን ቀደደው፣ ብረት ድስቱ የት ጠፋ እስከማለት ተደረሰ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጀርባ ተሰጣጡ። እድር ውስጥ የብረት ድስት ነገር ከተነሣ መጨረሻው ሩቅ አይደለም።

ያን ጊዜ ዘይነባ እጇን አወጣች።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ከሩቅ ነው ያነሳሁት" አለች። "ቀርቤ ላንሳው፤ እናንተም ቆማችሁ ተቆጣጠሩኝ።"

ጉባኤው ተገላገልኩ ብሎ ተስማማ። ጋሽ ተስፋዬና ጋሽ ዘውዴ ታዛቢ ሆነው ተመረጡ፣ ልክ እንደ ምርጫ ጣቢያ።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ እንዳባራ ጓሮው ተገኘን። ታዛቢዎቹ ሰላም አልተባባሉም። ዘይነባ ፌስታል አንጥፋ ጭቃው ላይ ተኛች፤ እነሱን ከአበባው ወዲያ፣ ፊት ለፊቷ አቆመቻቸው።

"ጋሽ ተስፋዬ፣ ወደ ጋሽ ዘውዴ ጠጋ ይበሉልኝ። ነፋሱ አበባውን እያወዛወዘብኝ ነው።"

ጋሽ ተስፋዬ ጥቂት ጠጋ አሉ።

"ኧረ ትከሻ ለትከሻ።"

"አንቺ ልጅ፣ ግድግዳ አደረግሽን እኮ" አሉ ጋሽ ዘውዴ።

"አዎ ጋሼ። ግድግዳ ደግሞ አይነቃነቅም።"

ነፋስ መኖሩ እኔን አልተሰማኝም፤ ኮት ስለለበስኩ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ገጥመው ቆመው ሳለ ግን ዝም ብሎ መቆም ከበዳቸው መሰለኝ፣ ጎመኑ ስለያዘው ትል ማውራት ጀመሩ።

አዲሱ ፎቶ ላይ መስቀል የለም። አበባም ያለ አይመስልም፤ አንድ ቢጫ ጠርዝ፣ ቀጫጭን ጅማቶች፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለች አንዲት የዝናብ ጠብታ። ታዛቢዎቹ መነጽራቸውን አድርገው መረመሩት። ምንም የለበትም አሉ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ፣ ምንም ምልክት የሌለበት መሆኑ በታዛቢዎች ተረጋግጧል ብዬ ጻፍኩ። ካላንደሩ ታተመ። ለእንቁጣጣሽ ሐጂ ኑሩ ጎረቤቱን እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ሲዞሩ በየገቡበት ቤት ግድግዳ ላይ አገኙት። ሲመለሱ ጆንያውን ራሳቸው አወጡ።

ኅዳር ላይ ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ወደ ዘይነባ ክፍል ሄድኩ። ያቺን ጠብታ ብቻ ለይታ፣ እንደ ትሪ አሳድጋ ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። መነጽሬን አደረግኩ። ጠብታዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። ተዘቅዝቀዋል፤ እግራቸው ሰማይ፣ ጭንቅላታቸው መሬት። የአንዱ ባርኔጣ የጋሽ ዘውዴ ነው። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ያወራሉ።

"ጠብታ ከኋላው ያለውን ገልብጦ ያሳያል፣ ጋሼ" አለች ዘይነባ ወንበሩን እያስተካከለችልኝ።

"ነፋሱስ?"

"የምን ነፋስ?"

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ተስፋዬ ቤት ጎራ ስል ጋሽ ዘውዴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ የጎመን ዘር ይዘውላቸው መጥተው ነው። ካላንደሩ ከበላያቸው ተሰቅሏል። ዘንድሮስ ደግ ነገር መረጥን፣ ማንም የሌለበት ንጹሕ አበባ ተባባሉ። ቃለ ጉባኤውም የሚለው ይህንኑ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አላረምኩትም።