ለአይኪዶ ጓድ ፍለጋ

የሰው ልጅ ካካሄዳቸው ታላላቅ ስብሰባዎች መካከል በ1972 ዓ.ም. በአዋሽ ከተማ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ የተደረገው ሳይጠቀስ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ ለአይኪዶ አጋዥ የሚሆን ሁለተኛ የፍልሚያ ጥበብ መምረጥ። ቧንቧችን ከደረቀ አሥራ ሰባት ቀን ሆኖት ነበር፤ ግን ቅድሚያ የሚሰጠውን ጉዳይ ጠንቅቆ የሚያውቅ አመራር ነበረን።

አይኪዶን ያመጣልን የባቡር ጣቢያው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ወልደገብርኤል ነው። ድሬዳዋ ሳለ ከአንድ ጃፓናዊ መካኒክ ተምሮት፣ ከሥራ በኋላ አራት የጣቢያ ወዛደሮችን ሽርጥ አስታጥቆ ጆንያ ላይ ያንከባልላቸዋል። ጃፓኖቹም የሚለብሱት ሽርጥ መሳይ ነገር ነው አሉ፤ ስለዚህ በአለባበስ በኩል አዋሽ ከቶኪዮ የምታንስበት ምክንያት አልነበረም።

ጉድለቱን ያዩት ሊቀ መንበራችን ጓድ ካሣ ናቸው። ጓድ ካሣ አርቀው ያስባሉ፤ ከአፍንጫቸው ሥር ያለው ነው የሚያስቸግራቸው።

«እስቲ ንገረኝ፤ ጠላት ካልመጣ ይሄ አይኪዶ ምን ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ምንም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ቀድሞ መምታት የለበትም። ሲመጣብዎት ዞር ይሉለታል፤ በራሱ ጉልበት ይወድቃል» አለ ወልደገብርኤል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው! አብዮተኛ ጠላቱን ቆሞ አይጠብቅም። ቀድሞ የሚመታ ሁለተኛ ጥበብ ይጨመርበት! መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ከአውራጃ በሚመጡት እንግዳ ፊት ካሳፈራችሁን ቡድኑ ይፈርሳል፤ አምስታችሁም በፈቃደኝነት ዱብቲ ጥጥ ለቀማ ትዘምታላችሁ።»

ወልደገብርኤል ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስቱ ዓለምሸት መውለጃዋ ተቃርቧል፤ የዱብቲ ወባ ደግሞ ሰው አይመርጥም። ለእሱ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ሳይንሳዊ ጥናቱ ወዲያው ተጀመረ። ጁዶ ኮሌታ ይዞ መጣል ነው ተባለ፤ በዚያ ሙቀት ኮሌታ ያለው ልብስ የለበሱት ጓድ ካሣ ብቻ ስለነበሩ ጁዶ በአስቸኳይ ተሰረዘ። ካራቴ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤት ከመጣው ጡብ አሥራ አንዱን ሰብሮ «አመርቂ» የሚል ውጤት አገኘ፤ መጸዳጃ ቤቱ ግን ቀረ። የቦክስ ጓንት ሲፈለግ የተገኙት ሁለቱም የግራ እጅ ሆኑ። ጓድ ካሣ ይህን የአብዮታዊ መስመር ጥራት ምልክት አድርገው ወሰዱት።

ከወሎ መጥታ ሆቴል የከፈተችው የኮሚቴ አባላችን ሰዓዳ እጇን አወጣች።

«ወላሂ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ማንን ነው የምንመታው?»

 ጥያቄው ከአጀንዳ ውጪ ነው ብዬ መዘገብኩት።

በመጨረሻም ጓድ ካሣ በበዓሉ ዕለት ራሳቸው በቦክስ እንዲያጠቁ፣ ወልደገብርኤል በአይኪዶ እንዲመክት በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሊቀ መንበሩን ቢጥል ፀረ አብዮት ይባላል፤ ቡጢ ቢያርፍበት አይኪዶው ከንቱ ሆኖ ዱብቲ ነው። እሱም ደግፎ እጁን አወጣ፤ ያልደገፈ አልነበረም።

መስከረም ሁለት እንግዳው ከፊት ተቀመጡ። ጓድ ካሣ ሁለት የግራ ጓንት አጥልቀው፣ ሦስት መፈክር አሰምተው ተንደረደሩ። ወልደገብርኤል አልጣላቸውም፤ አልተመታምም። ዞር አለ። ሊቀ መንበራችንም ማንም ሳይነካቸው ለክብር እንግዳው የተደረደረውን ሐብሐብ ጠራርገው እንግዳው ጭን ላይ አረፉ።

«ማነው የጣለው?» ብለው አንባረቁ እንግዳው።

«ማንም። ራሳቸው ናቸው፣ አላህ ያየዋል» አለች ሰዓዳ።

እንግዳው የሐብሐብ ፍሬ ከኮታቸው እያራገፉ ብዙ አሰቡ።

«ያለ ማንም ርዳታ፣ በራሱ ጉልበት ብቻ እዚህ ድረስ የመጣ ካድሬ አይቼ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ሰው ቀበሌ ላይ አይባክንም!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አይኪዶ ብቻውን በቂ ነው ተባለ። ወልደገብርኤል ቤቱ ሮጦ «ተርፈናል!» ብሎ ዓለምሸትን አቀፋት፤ ደስ አለን።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ጓድ ካሣ የዱብቲ ጥጥ ለቀማ ዘመቻ ዋና አስተባባሪ ሆነው ተሹመዋል። ውለታ የማይረሱ ሰው ናቸውና፣ ለዚህ ማዕረግ ያበቋቸው አምስት ጓዶች አብረዋቸው እንዲዘምቱ በስም ጠርተው ጠይቀዋል።

«እና ዞር አትልለትም?» አለችው ዓለምሸት ሆዷን ይዛ።

ወልደገብርኤል ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ማኅተም አለው» አላት።