ሴይቼንቶዋና ቀይዋ

መኪና ከመኪና ማወዳደር የሥራ ፈት ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ላወዳድር።

በደርግ ጊዜ ጅማ፣ እኛ ጊንጆ ሰፈር፣ የምናውቃቸው መኪኖች ሁለት ነበሩ። አንደኛዋ የጎረቤታችን የአባ መጫ ሴይቼንቶ፣ ያቺ ትንሿ ፊያት ናት። አባ መጫ ቡና ነጋዴ ነበሩ፤ ንግዱ ሲሞት የተረፈቻቸው እሷ ብቻ ናት። ምን ታክላለች መሰላችሁ? ወፍራም ስለነበሩ፣ ሲገቡባት መኪና የተሳፈሩ ሳይሆን ጠባብ ኮት የለበሱ ይመስሉ ነበር። ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል። አዲስ ባትሪ በዚያ ዘመን ከየት ይምጣ? ጠዋት ጠዋት ገፍተን እናስነሳታለን። ማንም አይጠራንም። ሱብሒ ሰግዶ የሚመለሰው፣ ኪዳን አድርሶ የሚመጣው፣ አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁላችንም እጃችንን እናሳርፍባታለን። ሳይገፋት ያለፈ ሰው ሰላምታ እንደነሳ ይቆጠር ነበር። ክብደቷን እጃችን ለምዶታል።

ሁለተኛዋ ቀይ የስፖርት መኪና ናት። እንዲያ ያለ ዘመናዊ ነገር ጅማ አይታ አታውቅም። ባለቤቷ የቡና እርሻ የነበረው ሰው ነው፤ አገር ጥሎ ሲሄድ «የሰፊው ሕዝብ ንብረት» ተብላ ተወረሰች። ወንበሯ ግን ሁለት ብቻ ነው። ሰፊው ሕዝብ አልገባባት ሲል የቀበሌያችን ካድሬ ብቻውን ይነዳት ጀመር። ቁልፍ ሲነኳት ትነሳለች። ደጃችሁ ከቆመች ደግሞ ሁለተኛው ወንበር ለማን እንደሆነ መጠየቅ አያሻም። በእሷ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም።

የአባ መጫ ልጅ ዘሃራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወረቀት በትናለች፣ ትፈለጋለች ተባለ። አባቷ አጋሮ፣ አጎቷ ዘንድ ሊያሸሿት ቆረጡ። ለማንም አልተነፈሱም። ያኔ ማን ለማን ይተነፍሳል? ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከኋላ፣ በወንበሮቹ መሃል አስተኟትና ባዶ ጆንያ ደረቡባት። ሰው ሳይገፋቸው እንዲሄዱም መኪናዋን ቁልቁለቱ ላይ ለቀቋት። ቁልቁለቱ አለቀ፣ ሞተሩ አልተነሳም። የቆመችው የት መሰላችሁ? ቀበሌው ደጃፍ። ቀይዋም እዚያው ናት፤ ካድሬው ውስጧ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል።

እኛ ከየመጣንበት ሮጥን። አባ መጫ በመስኮት እጃቸውን እያወራጩ «ዲሳ፣ ተዉ፣ ዛሬስ ግድ የለም» ይላሉ። ይሉኝታ መሰለንና ገፋን። ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ የሰፈሩ ቀልደኛ ነው፤ ድምፁ ደግሞ ጅሬን ድረስ ይሰማል።

«አባ መጫ፣ ዛሬ ምን ጭነውባት ነው? ከበደችብን እኮ» አላቸው።

ሁላችንም ሳቅን። እውነትም ከብዳለች፤ የአንዲት ቀጭን ልጅ ያህል። ካድሬውም እየሳቀ ወረደና መጥቶ ጆንያውን ገለጠ።

ዘሃራን ቀይዋ ውስጥ አስገባት። አባ መጫ በሩን ይዘው፣ እኔን ውሰደኝ፣ እሷን ተዋት እያሉ ለመኑት። ለሁለታችሁ ወንበር የለኝም አላቸው። ከዚያ በኋላ አስከሬኗን እንኳ አላገኙም።

እኛ ምን እናድርግ? ሴይቼንቶዋን ሽቅብ ገፍተን ቤታቸው መለስናት። ዳገት ነው፤ ግን ቀለለችን። ጋሽ ታደሰን አባ መጫ ክፉ ቃል አልተናገሩትም። እሱ ግን ፊታቸውን ማየት አቃተው፤ ሱቁን ዘግቶ ሊሙ ገባ። እኔም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ሰው ሲሰበሰብ «ያ ደግ ዘመን፣ ጎረቤት መኪና የሚገፋበት» ሲባል እሰማለሁ። የትኛዋ ትሻላለች ብትሉኝ ቀይዋ ናት። ቁልፍ ሲነኳት ትነሳለች፤ ጎረቤት አትፈልግም። አባ መጫ እሷ ብትኖራቸው ኖሮ ማንም ሳያግዛቸው አጋሮ በገቡ ነበር።