ድስት መርማሪው ጋሽ ገብረሰንበት

ሰውን ከሚያናድዱ ፍጥረታት ሁሉ የከፋው ትክክል የሆነ ጎረቤት ነው። የሚሳሳተውን ጎረቤት ተሳድበው ይገላገሉታል። ትክክለኛውን ግን ተሳድበው ወደ ቤት ከገቡ በኋላ፣ በር ዘግተው፣ ያለውን ያደርጉታል። ያለው ነገር እንደሚሰራ ሲያዩ ደግሞ እንደገና ይናደዳሉ።

ትብለጽ በዚህ ዓይነት ንዴት ዓመታት ኖራለች። የሚያናድዷት ክቡር ጋሽ ገብረሰንበት ናቸው፤ ቦሌ ሚካኤል፣ ከአጥሯ ወዲያ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን ብረት ጠግነው ጡረታ ወጡ። አውሮፕላን ያጣ መካኒክ ምን ይሰራል? የጎረቤት ድስት ይመረምራል። ወንድ ማድ ቤት መግባቱ ነውር በሆነበት ሰፈር እሳቸው «እንዴት ዋላችሁ» ብለው ቀጥ የሚሉት ወደ ማድ ቤት ነው። ድስቱን ይገለብጡታል፣ በጥፍራቸው ያንኳኩታል፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅሉና «ይሄ ብረት ቆዳ አለው» ይላሉ።

ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይሻላል። በ1976 የቀበሌው ሱቅ የማይዝግ ብረት ድስት መጣለትና በዕጣ ተከፋፈለ። ለእነ ትብለጽ መደዳ አስራ አንድ ደረሰ፤ መጠኑ አንድ፣ እጀታው አንድ፣ ልክ እንደ ምልምል ወታደር። ሴቶቹ የለመዱት ሸክላና አሉሚኒየም ነበርና አዲሱንም በአሸዋ ፈተጉት። ጋሽ ገብረሰንበት እሪ አሉ። ይህ ብረት ዓይን የማያየው ስስ ቆዳ አለው፤ ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው። አሸዋና ሽቦ ገላውን ይጭረዋል፣ በጭረቱ ውስጥ ምግብ ይደበቃል፣ በሚቀጥለው ቀን እዚያው ያርራል። ጨው በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከተጣለ ታች ይዘቅጥና ድስቱን እንደ ፈንጣጣ ይበሳሳዋል፤ መጨመር ያለበት ውሃው ከፈላ በኋላ ነው። ያረረ ድስት አይፋቅም። ሳሙና በራሽን በሆነበት ዘመን መድኃኒቱ አመድ ነው፦ አመዱን በውሃ በጥብጦ፣ አጥልሎ፣ የጠለለውን ውሃ ድስቱ ውስጥ ማፍላትና እስኪበርድ መተው። እርሩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተላቆ ይወጣል። ሰማያዊ ወይም ነጭ ምልክት ሲያወጣ ግማሽ ሎሚ፤ ከታጠበ በኋላ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ። ይኸው ነው፤ አንዱም ሐሰት የለበትም። ሰውየው እንዴት እንደሚያናድዱ አሁን ይገባችኋል።

የጎረቤቷ የሃረገወይን እንግዶች ምሳ ቀርቦላቸው እጃቸውን ሲታጠቡ፣ ድስቷን ከፍ አድርገው የተበሳሳውን አንድ በአንድ አሳይተዋቸዋል። ሌላዋ ጎረቤት አሰፋሽ የምትፈትግበትን አሸዋ ከእጇ ቀምተው አጥር ሥር ደፍተውባታል። ትብለጽ አንድ ቀን የጋለ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስትደፋ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ፦

«ወይዘሮ ትብለጽ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ላይ በረዶ ውሃ ይደፉበታል?»

«እኔ ከቀበሌ የገዛሁት ድስት ነው፤ አማት አልገዛሁም።»

ሰፈሩ ለሳምንት ሳቀ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ድስቱ እስኪበርድ ትጠብቃለች፤ በጠበቀች ቁጥር ትበግናለች።

እውነተኛው ጠብ የመጣው የጎረቤታቸው የአቶ ዋቅጅራ እናት ያረፉ ጊዜ ነው። የዕድሩ ድስት አልበቃ ብሎ ሁሉም ቤት የየራሱን ላከ። ድስቶቹ መንትያ ስለሆኑ እያንዳንዷ ከሥሩ ምልክት አላት፦ አንዷ የጥፍር ቀለም፣ ሌላዋ የበር ቀለም። የትብለጽ ምልክት «ሀ» ነበረች። ልጇ ሀብቶም ድስቱን ከቀበሌ ተሸክሞ ያመጣ ቀን በሚስማር የጫራት ናት። በዓመቱ እሷን ብቻዋን ትቶ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ከሰሜን አንድ ደብዳቤ ልኮ ዝም ካለ ሰባት ወሩ ነው። ትብለጽ ድስት ስታጥብ ያቺን ፊደል በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። መዳሰሷን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ድስታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አስራ አንዱም በላስቲክ ላይ ተደፍተው እንደ መስታወት ያበራሉ። ጋሽ ገብረሰንበት ቱታቸውን እንደለበሱ አጠገባቸው ቆመዋል። ቀለሙን አስለቅቀዋል፣ የውጩን ጭረት ሁሉ ከሙያቸው በተረፈ ልም ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አለስልሰዋል። «ከፋብሪካ እንደወጡ አደረግኋቸው» አሉ።

የተነሳውን ጩኸት ሀዘንተኞቹ እንኳ ወጥተው አዩት። ትብለጽ አስራ አንዱንም ገለባበጠች፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ሁሉም ልስልስ ነው። ከዚያ እጃቸው እንዲቆረጥ ረገመች፣ ጡረታ ያወጣቸውን ሰው ረገመች፣ በመጨረሻ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ልጄን ነው የፋቁት።»

አሰፋሽ ሀብቶም ስለጫራት ፊደል በጆሯቸው ስትነግራቸው ጋሽ ገብረሰንበት ላስቲኩ ላይ ቁጭ አሉ። በኋላ አንዱን ድስት አንስተው ውስጡን አዩና የማን እንደሆነ ይናገሩ ጀመር። ይሄ የሃረገወይን ነው፣ ጨው በቀዝቃዛ ውሃ። ይሄ የአሰፋሽ ነው፣ አሁንም ተደብቃ በአሸዋ ትፈትጋለች። ሴቶቹ ድስታቸውንም ውርደታቸውንም ይዘው ይቀመጣሉ። አምስተኛውን አነሱ። ጣታቸውን አንዴ በውስጡ አዞሩ፣ ተነሱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ለትብለጽ አቀረቡላት።

«የእርስዎ ነው።»

«በምን አወቁ?»

«አወቅሁት» ብለው ወደ ስድስተኛው ሄዱ።

ማስረዳት የሚወድ ሰው አለማስረዳቱ ከሁሉ በላይ አናደዳት። ቤት ገብታ ድስቱን በመስኮቱ ብርሃን መረመረችው። ከታች ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ውስጡን የዞረ ነጭ ክብ አለ። የውሃ አሻራ ነው፤ ሀብቶም ከሄደ ጀምሮ በየቀኑ እዚያው ልክ ላይ ሲፈላ የከረመ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ውሃ። ከክቡ በላይ እስከ አፉ ድረስ ድስቱ እንደ አዲስ ነው።

ያቺን ክብ ሰውየው በግማሽ ሎሚ ባንድ ደቂቃ ያጠፏት ነበር። በአስር ሴት ፊትም ሊያነቧት ይችሉ ነበር፤ የሌላውን ሁሉ አንብበዋል። ትብለጽ ድስቱን አስቀመጠች። ከዚያ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ አጥሩ ሄደች።

«ጋሽ ገብረሰንበት፣ ይቅር ያልኩዎት እንዳይመስልዎት።»

«አይመስለኝም» አሉ፣ ከተቀመጡበት እየተነሱ።

«ንዴቴ ብዙ ነው፤ በአጥር ላይ ተናግሬ አልጨርሰውም። እሁድ ለምሳ ይምጡና ቁጭ ብለው ይሰሙኛል።»

እንዳያስቸግሯት የራሳቸውን ምግብ ይዘው መምጣት እንደሚችሉ፣ ከልማዳቸው ውጭ እየተንተባተቡ ጠየቋት።

«ባዶ እጅዎን ይምጡ» አለች። «ድስቱን ሞልቼ ነው የምሰራው።»