አባ ኦፍሳይድ፣ የሴቶች ኳስ ተቃዋሚ

በዚህ አገር ኳስ ሜዳ ባለበት ሁሉ፣ ሴት ልጅ ኳስ መጫወት የለባትም የሚሉ አንድ የተከበሩ ሰው አይጠፉም። ሌላም ምልክት አላቸው፤ አንድም የሴቶች ጨዋታ አምልጧቸው አያውቅም። ከአሰልጣኟ ቀድመው ይመጣሉ፣ ከተጫዋቾቹ በኋላ ይሄዳሉ፣ በመሃል ያለውን ጊዜ ሁሉ ይቃወማሉ።

የእኛ የጅማዎቹ፣ ክቡር ሙሐመድሳኒ ይባላሉ። ሄርማታ ገበያ ውስጥ ጆንያና ገመድ ይሸጣሉ። ከተማው ግን በዚህ ስም አይጠራቸውም። የድሮ የጅማ ሹማምንት በፈረሳቸው ስም አባ እንትና እንደሚባሉት፣ እሳቸውም በፊሽካቸው አባ ኦፍሳይድ ተብለዋል። ማዕረጉን ያገኙት ጤና ቡድንን ሲዳኙ ነው። ጤና ቡድን ማለት ሐኪም ቦርጫችሁን ቀንሱ ያላቸው አባወራዎች እሁድ ጠዋት ተሰብስበው የሚጨቃጨቁበት ማኅበር ነው። አባ ኦፍሳይድ ልጃቸውን በዳሩ በሳምንቱ የአማቻቸውን ጎል የሻሩ ሰው ናቸው። ልጅቷ ለሁለት ወር አላነጋገረቻቸውም ይባላል።

እኔ የሴቶቹ ቡድን ወጌሻ ነኝ። ነርስ ስለሆንኩ ሁሉም ሲስተር ይለኛል። ቡድኑ የሰጠኝ ደመወዝ የለም፤ ያለኝ አንድ የበረዶ ዕቃና አምላክ የሰጠኝ ትልቅ ድምፅ ነው። መቀመጫዬ ደግሞ፣ በምን ኃጢአቴ እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ አባ ኦፍሳይድ አጠገብ ነው። አጣጥፈው ባመጡት ጆንያ ላይ ይቀመጡና ሰላምታ ይሰጡኛል። «ይሄማ ኳስ አይደለም፣ ሲስተር። ወላሂ አይደለም።»

መጀመሪያ ነገሩ የአለባበስ ነበር። ልጆቹ ረጅም እጅጌና ታይት ለብሰው፣ ሂጃባቸውን አጥብቀው ሲመጡ፣ እሳቸው በዚያ በኩል መግቢያ አጡና ወደ ጉልበት ዞሩ። የሴት ጉልበት ለኳስ አልተፈጠረም አሉ። ይህን ሲሉኝ ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል የማገዶ ሸክም የተሸከሙ ሴቶች በፊታችን እያለፉ ነበር። በአገጬ አሳየኋቸው። «እሱ ሥራ ነው» አሉኝና ወደ ጨዋታው ተመለሱ።

ልጆቹ ኳስ ሲቀባበሉ «ወሬ አበዙ» ይላሉ፤ ወደ ጎል ሲመቱ ችኩል ናቸው ይላሉ። አጥቂያችን ረይሃና ተጋጣሚዋን ጥላ ይቅርታ ስትጠይቅ፣ ኳስ በይቅርታ አይሆንም ብለው አማረሩ። በሳምንቱ ሌላ ጥላ ዞር ብላ ሳታያት ስትሄድ ደግሞ፣ አስተዳደግ የጎደላት ናት አሉ። እኔማ አንዳንዴ በበረዶው ዕቃ ልላቸው ይቃጣኛል። ባለቤታቸው አደ ኩልሱም ግን ከሁላችንም በልጠው ያውቋቸዋል። ቡና በደረሰ ሰሞን፣ ገበሬው ጆንያ ፍለጋ በሚሻማበት ሰዓት፣ አባ ኦፍሳይድ ሱቁን ቆልፈው ወደ ሜዳ ሲሮጡ አይተው፣ ሱቅ ዘግቶ ሊጠላ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም ብለውኛል።

አሁን ወደዚያ እሁድ ልምጣ። በረኛችን ፈሂማ ከደዶ መጥታ አክስቷ ቤት ተቀምጣ የምትማር ልጅ ናት። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዘንድሮ ግን ቁርጡን ነገሯት። አዝመራው ተሰብስቦ እስኪያልቅ የሚፈልግሽ ክለብ ካልተገኘ ጓንትሽን ትሰቅያለሽ፣ ትዳርም ቢሆን ጠያቂ አለሽ አሏት። ፈሂማ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አሰልጣኛችን ቲቲ የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ስልክ ስትደውል ሰነበተችና ከአዲስ አበባ የአንድ የሴቶች ክለብ ተጫዋች መልማይ አስመጣች። ሰውየው ፈሂማን ከአጋሮ ልጆች ጋር ስትጫወት አይቶ በዚያው ቀን በአውሮፕላን ይመለሳል። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሜዳው ላይ ያለው ማን ነው? ጤና ቡድን። ሊቀመንበሩ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ባለ ጋራዡ፣ በአንድ ጎል ተመርተዋል፤ እሳቸው አቻ ሳይሆኑ ጨዋታ የሚያልቅበትን እሁድ አላየሁም። ቲቲ መስመሩ ዳር ቆማ፣ ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ፣ እንግዳ አለብን እያለች ለመነቻቸው። እሳቸው እያለከለኩ፣ ሴቶች ምን ያስቸኩላችኋል፣ ለእረፍት ያመጣነውን ሙዝ እየበላችሁ ጠብቁ አሏት። መልማዩ ሰዓቱን አየ። ትንሽ ቆየና ደግሞ አየ። ፈሂማ ጓንቷን አጥልቃ ታወልቃለች፣ አውልቃ ታጠልቃለች። እኔ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም።

በዚህ መሃል የተጋጣሚያቸው በረኛ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ኳሷ ኦቦ ዋቅጅራ እግር ስር ገባች። ጎሉ ባዶ ነው። እግራቸውን እንዳነሱ ፊሽካው ተነፋ። ዳኛው አባ ኦፍሳይድ መሃል ሜዳ ላይ ናቸው፤ መጥተው ኳሷን አንስተው ብብታቸው ስር ከተቷት።

ኦቦ ዋቅጅራ ደማቸው ፈላ። «የምን ኦፍሳይድ ነው? ከኋላ ነው የመጣሁት።»

«ኦፍሳይድ አይደለም። ጨዋታው አልቋል።»

«ከሴቶች ወግነህ ነው?»

«ሜዳው ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የልጆቹ ነው። ሰዓት አልፎ የምታገባውን ጎል አልቆጥርልህም፣ ውጣ» አሉ አባ ኦፍሳይድ። ከዚያ መጥተው ጆንያቸው ላይ ተቀመጡና፣ ምንም እንዳይመስለኝ፣ ሕግ ሕግ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ።

የአጋሮ ልጆች ምሕረት አያውቁም። ገና ከመጀመሩ አንዷ ከሩቅ የመታችው ኳስ ከፈሂማ እጅ ሾልኮ ገባ። አባ ኦፍሳይድ ከጆንያቸው ተነስተው፣ ግራ እግርሽን የት ጥለሽው መጣሽ፣ ይሄ እኮ የሕፃን ኳስ ነው እያሉ አወረዱባት። ብድግ ብዬ ልከራከር ስል አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ሰውየው ፈሂማን እየሰደቡ ያሉት ልክ የጤና ቡድኑን በረኛ እንደሚሰድቡት ነው፤ ቃል በቃል። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ከእረፍት በኋላ ረይሃና በጭንቅላት አገባች፤ አንድ ለአንድ። ሜዳው ተናወጠ፤ ሙዝ የያዙት ጤና ቡድኖች እንኳ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ሊያልቅ ሲል በእኛ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ግን በጣቶቼ መሃል አያለሁ። የአጋሮዋ ልጅ ወደ ቀኝ ጥግ መታች፤ ፈሂማ እዚያው ጥግ ተወርውራ በጣቷ ጫፍ አወጣችው። የበረዶውን ዕቃ ደፋሁት። አባ ኦፍሳይድ መስመሩን ይዘው ይሮጣሉ፣ ማሻአላህ ይላሉ፣ ፊሽካ ይነፋሉ፤ የዚያን ጨዋታ ፊሽካ ማን እንደሰጣቸው አላህ ይወቅ።

ሲያልቅ መልማዩ ወደ እኛ መጣ። «ጥሩ ናት» አለ። «ለሴት፣ በጣም ጥሩ በረኛ ናት።»

አባ ኦፍሳይድ ፊቱ ቆሙ።

«ለሴት ማለት ምን ማለት ነው? ያንን ኳስ ያወጣች በረኛ ናት። በረኛ በል።»

የልጅቷን ዕድል የያዘውን ሰው አስቀየሙብን፣ አለቀልን አልኩ። መልማዩ አያቸው፤ ቀጥሎ ጓደኞቿ ተሸክመው የሚያዞሯትን ፈሂማን አየ። «እሺ አባቴ። በረኛ ናት፤ እወስዳታለሁ። አባቷን ማግኘት እችላለሁ?»

አባ ኦፍሳይድ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገዋል። የፈሂማ አባት ለካ የጆንያ ደንበኛቸው ናቸው። በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ አንድ ቃል አላመለጠኝም። መጀመሪያ የልጅቷን ግራ እግር አጣጣሉ። ቀጥለው ኳስ አያያዟን ነቀፉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይህችን ልጅ ብትከለክል ከእንግዲህ ከእኔ ሱቅ ጆንያ እንዳታስብ አሏቸው። አባትየው ምን እንዳሉ አልሰማሁም። አባ ኦፍሳይድ ግን ስልኩን ዘግተው ለመልማዩ፣ ፈቅደዋል፣ ነገ ሄደህ አናግራቸው አሉት፤ አውሮፕላኑ ቢያመልጠውም ግድ አልሰጣቸውም። ዕድሜያቸውና ወጉ ባይከለክለኝ ኖሮ፣ እኚህን ተቃዋሚ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሜዳውን አዞራቸው ነበር።