ልብስ ሰፊው ማዳመጫ ገዛ

(ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ ባለቤት ያጡ ሁለት ኮቶች። ልብስ ሰፊው ሙሉ ልብስ በመስፋት ስሙ የተጠራ ሰው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ሥራው ሁሉ ሱሪ ማሳጠር ሆኖበታል። ይህ ዛሬ ሊያበቃ ይችላል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የሁለት መቶ ተማሪዎች የደንብ ልብስ ለማን እንደሚሰጥ ዛሬ ደውለው ሊነግሩት ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቴ ደውለውለት በመኪናው ጩኸት አልሰማም፤ በዚህ የተነሳ ትናንት ገመድ አልባ ማዳመጫ ገዛ። ሊያስተካክልለት የመጣው የሚስቱ ወንድም ነው፤ መንገድ ተሻግሮ የተዘጋጁ ልብሶች ይሸጣል። ሰፈሩ «ማኑዋል» ይለዋል፤ ስሙ የወጣለት አንድም ቀን ማኑዋል የሚሉትን የዕቃ መመሪያ አንብቦ ስለማያውቅ ነው። አሁን ማዳመጫውን ከካርቶኑ አውጥቶ እንደ ተበላሸ እንቁላል በሁለት ጣቱ ይዞታል።)

ማኑዋል፦ እኔ የምልህ፣ ማዳመጫ ግዛ ነው የተባልከው ወይስ የራስ ቁር?

ልብስ ሰፊው፦ ማዳመጫ ነው። ሻጩ «ስቴሪዮ ነው» ብሎኛል።

ማኑዋል፦ ትንንሹ እያለልህ! ጆሮ ውስጥ ገብቶ ጸጥ የሚለው! የሠለጠነ ሰው ሁሉ ያንን ነው የሚያደርገው።

ልብስ ሰፊው፦ አየሁት እኮ። የሱሪ ቁልፍ ነው የሚያክለው። እኔ ቤት የወደቀ ነገር ብጣሽ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሳላውቅ ከሰው ኪስ ጋር ሰፍቼው፣ ደንበኛዬ ስብሰባ ላይ ቁጭ ባለበት ኪሱ ቢዘፍንስ?

ማኑዋል፦ ኪስ አይዘፍንም!

ልብስ ሰፊው፦ ከተሰፋበት ምን ያድርግ ታዲያ?

ማኑዋል፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እህቴ በምን ዐይኗ እንዳየችህ! ለመሆኑ ስትገዛ ምን ብለህ ጠየቅህ? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል አልክ? ከስልኬ ጋር ይሄዳል አልክ?

ልብስ ሰፊው፦ ጭንቅላቴን ለካሁ።

ማኑዋል፦ ምን አደረግህ?

ልብስ ሰፊው፦ በሜትሬ ጭንቅላቴን ለካሁ፣ ማዳመጫውን ለካሁ፣ ልክክ አለ። ለሁለት ጣት መላወሻም ተርፏል።

ማኑዋል፦ ኧረ በሕግ! ዕቃ በመርፌና በክር አይመረጥም።

ልብስ ሰፊው፦ ማይክም አለው። እጄ ጨርቅ ላይ እያለ ማውራት እችላለሁ። የመመሪያ ወረቀቱንም ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ።

ማኑዋል፦ ወረቀት ለማያውቅ ሰው ነው። ስጠኝ ወዲህ። (ወረቀቱን ሳያየው አራት ቦታ አጣጥፎ ከሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር ይሸጉጠዋል።) ይኸው፣ ለጠረጴዛው እንኳ ጠቀመ።

ልብስ ሰፊው፦ እኔን ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ገመድ ከሌለው ድምፁ በምን በኩል ይመጣል?

ማኑዋል፦ በአየር ነዋ!

ልብስ ሰፊው፦ በሩ ቢዘጋስ?

ማኑዋል፦ ቢዘጋም ይመጣል።

ልብስ ሰፊው፦ እንግዲያው የጎረቤቱም ወሬ ሊመጣብኝ ነው።

ማኑዋል፦ (ሆዱን ይዞ እየሳቀ) አለማወቅ ደግ ነው፣ ሰው ያስቃል! አይመጣም። ስልክህና ማዳመጫው ይጋባሉ በለው። አንዴ ከተጋቡ ወዲያ ማዳመጫው ሌላ ስልክ ቀና ብሎ አያይም።

ልብስ ሰፊው፦ መጀመሪያ ካገኘው ጋር ነው የሚጋባው?

ማኑዋል፦ ከባለቤቱ ጋር!

ልብስ ሰፊው፦ ባለቤቱ እኔ መሆኔን በምን ያውቃል?

ማኑዋል፦ አማቼ፣ ራሴን አታዙረው።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ ስቴሪዮ ያለኝስ ምንድን ነው?

ማኑዋል፦ በግራ ጆሮህ አንድ ድምፅ፣ በቀኝ ጆሮህ ሌላ ድምፅ ይገባል። መሐል ጭንቅላትህ ላይ ሲገናኙ ሙዚቃ ይሆናሉ።

ልብስ ሰፊው፦ ይሄማ ቤቴ አለኝ። በግራ እህትህ፣ በቀኝ እናትህ። መሐል ላይ ሲገናኙ ግን ሙዚቃ ሆነው አያውቁም።

ማኑዋል፦ እናቴን አታንሳ! በል አድርገው። ... ተገልብጧል! የግራውን በቀኝ አደረግኸው።

ልብስ ሰፊው፦ መስታወቱ ውስጥ ግን ትክክል ነው።

ማኑዋል፦ (ራሱ ገልብጦ ያደርግለታል።) አሁን እይና ተማር። መጀመሪያ በእኔ ስልክ ላሳይህ፤ ያንተማ ሲንቀራፈፍ ይመሻል። ብሉቱዝ ከፈትኩ። ፈለገ። አገኘ። ነካሁት። (ዘፈን ይከፍታል።) ሰማህ?

ልብስ ሰፊው፦ (ፊቱ በርቶ፣ እየጮኸ) ጭንቅላቴ ውስጥ ሰርግ አለ!

ማኑዋል፦ አትጩህ! የሚሰማው ላንተ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ጭጭ ነው። ጥበቡ እሱ ነው። (ዘፈኑን ዘግቶ ስልኩን ኪሱ ይከታል።) አለቀ። አሁን ያንተን አምጣ። ብሉቱዝ... ይፈልጋል... ይፈልጋል... አሁንም ይፈልጋል።

ልብስ ሰፊው፦ ምን ጠፍቶበት ነው?

ማኑዋል፦ ዐይኑ ነዋ የጠፋው! ማዳመጫው እዚህ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ አያየውም። ይሄ ስልክ ጡረታ ይውጣ።

ልብስ ሰፊው፦ ወረቀቱ ላይ እኮ «ከአንድ ስልክ ጋር ተያይዞ ሳለ ሌላው ስልክ አያገኘውም» ይላል። ካንተ ስልክ ይለቀቅ እንዴ?

ማኑዋል፦ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት አይደል? ኪስ ከገባ ተለቀቀ ማለት ነው! (የልብስ ሰፊውን ስልክ አጥፍቶ ያበራል፣ ሦስት አራት ቦታ ይጫናል፣ ዘፈን ይከፍታል። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው።) ይኸው! ሰማህ?

ልብስ ሰፊው፦ ሰማሁ።

ማኑዋል፦ አላልኩህም?

ልብስ ሰፊው፦ አንተስ?

ማኑዋል፦ እኔም እሰማለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ለእኔ ብቻ ነው የሚሰማው አላልክም?

ማኑዋል፦ (ትንሽ ያስብና) ሞልቶ ነው! ስቴሪዮ ኃይለኛ ነው፤ ሲሞላ ይፈስሳል። ድምፁን ስትቀንሰው ይገባል። በቃ፣ ተጋብተዋል፤ ሥራህን ሥራ።

ልብስ ሰፊው፦ (አንድ ሱሪ ከመኪናው ሥር እያስገባ) ዳይሬክተሯ ሲደውሉ በእርግጥ ይሰማኛል?

ማኑዋል፦ ዋስ ነኝ።

ልብስ ሰፊው፦ አደራ። ሁለቴ ሳላነሳ ቀረሁ፤ ሦስተኛ ከደገምኩ ሱሪ ሳሳጥር መሞቴ ነው። አንገትጌ ማዞር እጄ እየረሳ ነው፣ ብታምነኝ። ጠዋት ተነስቼ የምቆርጠው አዲስ ጨርቅ አማረኝ።

ማኑዋል፦ (ዐይኑን ወደ በሩ እየሰረቀ) ይደውሉ ይሆናል... ግን ተስፋህን አታብዛ። የዛሬ ሰው የሚፈልገው ያለቀለት ልብስ ነው። ዳይሬክተሯም ቢሆኑ ችኩል ሰው ናቸው።

ልብስ ሰፊው፦ ታውቃቸዋለህ እንዴ?

ማኑዋል፦ እኔ የማላውቀው ማን አለ!

(መኪናው መጮህ ይጀምራል። ብዙም ሳይቆይ የማኑዋል ስልክ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አውጥቶ ስሙን ያያል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወደ በሩ ፈቀቅ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል።)

ማኑዋል፦ (ማር በተቀባ ድምፅ) ሃሎ፣ እንደምን ዋሉ እመቤቴ! ... ሃሎ? ... ሃሎ?

(ልብስ ሰፊው እግሩን ከፔዳሉ ላይ ያነሳል። ዳይሬክተሯ ጆሮው ውስጥ እየተናገሩ ነው። ለእሱ የደወሉለት መስሎት መጀመሪያ ደስ አለው። እሳቸው ግን «አማችዎ ጆሯቸው ጨርሶ መስማት ማቆሙን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ሁለቴ ደውዬ ያላነሱት ለካ ለዚህ ነው። በቃ፣ ልብሱን ከእርስዎ መደብር እንወስዳለን» ይላሉ። ልብስ ሰፊው የበሩን መቃን ተደግፎ የቆመውን ሰው አየው፤ የሚስቱ ወንድም ነው፣ እሑድ እሑድ አብሮት ምሳ የሚበላ። ክፉኛ ከፋው።)

ማኑዋል፦ ሃሎ! አይሰማም! ምንም አይሰማኝም!

ልብስ ሰፊው፦ (ቀስ ብሎ) አቤት፣ ዳይሬክተር። እኔን በደንብ ይሰማኛል።

ማኑዋል፦ (ሳይዞር) አንተ ዝም በል፣ ስልክ ላይ ነኝ! ... ሃሎ!

ልብስ ሰፊው፦ አይ፣ ባለ መደብሩ አይደለሁም። ልብስ ሰፊው ነኝ። ... አዎን፣ ጆሮው አይሰማም የተባለው ሰውዬ እኔ ነኝ።

ማኑዋል፦ ብቻህን ማውራትም ጀመርክ? (ስልኩን መዳፉ ላይ መታ መታ እያደረገ) ይሄ ኔትወርክ!

ልብስ ሰፊው፦ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ። ከኋላዎ ደወል ሲደወል እንኳ ተሰምቶኛል፤ ልጆቹ እረፍት ሊወጡ ነው መሰለኝ።

ማኑዋል፦ ጮክ ይበሉ! ምን? ምን አሉኝ?

ልብስ ሰፊው፦ ያን ጊዜ ያላነሳሁት በመኪናው ጩኸት ነው፤ አሁን ማዳመጫ ገዝቻለሁ። ... ይቻላል። ጉልበቱ ላይ ድርብ አደርግበታለሁ፤ ልጅ ሱሪ የሚጨርሰው በጉልበቱ ነው። ከታችም አጥፌ የምተወው ይኖራል፣ ሲያድጉ ይለቀቅላቸዋል። ... የተዘጋጀውማ ይሄ የለውም።

ማኑዋል፦ (ስልኩን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ጆሮው ላይ እየለጠፈ፣ ጉሮሮው እስኪበጠስ) አይሰማም! እኔን አይሰማኝም! አይሰማም እኮ ነው የምልዎት!

ልብስ ሰፊው፦ ማን? ... አዎን፣ እዚሁ ነው ያለው። ... አዎን፣ አማቼ። ... አዎን፣ እሱ ነው። ... እሺ፣ እነግረዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት እመጣለሁ።

ማኑዋል፦ ተዘጋ! (ዞሮ) አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምትለፈልፈው?

ልብስ ሰፊው፦ ከዳይሬክተሯ።

ማኑዋል፦ በየት በኩል? ስልክህ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል!

ልብስ ሰፊው፦ ባንተ ስልክ ነዋ። ማዳመጫው የተጋባው ካንተ ጋር ነው፤ ኪስህ ቢገባም አልተፋታም። አንተ አነሳኸው፣ እኔ ሰማሁት።

(ማኑዋል ስልኩን ያየዋል። ከላይ፣ ጥግ ላይ፣ ትንሽ የማዳመጫ ምስል ተቀምጣለች።)

ማኑዋል፦ እና... ሁሉንም ሰማህ?

ልብስ ሰፊው፦ በግራም በቀኝም።

ማኑዋል፦ አማቼ፣ ላስረዳህ...

ልብስ ሰፊው፦ ከፍቶኛል፣ አልዋሽህም። ሥራውን ከፈለግኸው ፊት ለፊት መሻማት ነበር፤ የኔ ጆሮ ምን አደረገህ? እኔን አላዋቂ እያልክ ስታስተምረኝ ዋልክ፣ እኔም ዝም ብዬ ስማር ዋልኩ።

ማኑዋል፦ (ድምፁ ሰልሎ) ሰይጣን ነው ያሳተኝ። እህቴ እንዳትሰማ፣ በሞቴ!

ልብስ ሰፊው፦ አልነግራትም።

ማኑዋል፦ ሥራውስ?

ልብስ ሰፊው፦ ለእኔ ሆነ። ማክሰኞ ልጆቹን መለካት እጀምራለሁ።

ማኑዋል፦ ዳይሬክተሯስ? አለቀልኝ! «ያ ውሸታም» እያሉ ለወላጁ ሁሉ ሲነግሩ በየት በኩል ሱቄን እከፍታለሁ?

ልብስ ሰፊው፦ አይዞህ፣ ውሸታም አላሉህም። መዋሸትህ እንኳ አልታሰባቸውም።

ማኑዋል፦ እንዴት ሆኖ?

ልብስ ሰፊው፦ «ያ ከኋላ አይሰማም፣ አይሰማም እያለ የሚጮኸው ማነው?» ሲሉኝ አማቼ ነው አልኳቸው። ከዚያ «ውይ፣ ምስኪን! ለካ የማይሰማው እሱ ራሱ ኖሯል፤ ያን ዕለት የራሱን ሕመም ሲያዋየኝ እኔ ነኝ ያልገባኝ» አሉ።

ማኑዋል፦ አንተስ? አንተ ምን አልክ?

ልብስ ሰፊው፦ ምን ልበል? አማቼ ውሸታም ነው ልበላቸው? የቤተሰብ ስም ነው። አዎን፣ የማይሰማው እሱ ነው አልኳቸው። (እግሩን ወደ ፔዳሉ እየመለሰ) ሳይብስበት ያሳክሙት ብለውሃል።