ጎተራ ውስጥ የተደበቀው ባል እኔ ነኝ

ዛሬ በገዛ ሚስቴ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ጉድ ሆንኩላችሁ! ኮሜንታችሁን ኋላ ትጽፋላችሁ፤ መጀመሪያ አስጨርሱኝ።

ሚስቴ ትርንጎ ደራሲ ናት። ልቦለዷ በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ጎጃም፣ ከሮብ ገበያ በላይ ስለኖሩ ባልና ሚስት ነው።

እንዴት እንደጻፈችው አትጠይቁኝ! አሳታሚው ደውሎ "ዴድላይኑ አለፈ እኮ!" ሲላት፣ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ሽሮ ታማስላለች። ልጃችን ናሆም ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ቤቱን በለቅሶ ያናጋዋል። እሷ ግን ሽሮውን አውርዳ፣ ልጁን እኔ ላይ ጥላ፣ ጓዳ ትገባና ትጽፋለች። እኔ ብሆን አንድ ገጽ ሳልጨርስ አብድ ነበር።

ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ? አወራሁ!

መሥሪያ ቤት ውስጥ "ዋናውን አርበኛ እኔን አስመስላ ነው የጻፈችው" ያላልኩት ሰው የለም። "አንብበኸዋል ወይ?" አትሉኝም? አላነበብኩትማ! ረቂቁ ለወራት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ "ቆይ፣ ሲታተም አነበዋለሁ" እያልኩ ከረምኩ።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አዳራሹ ሞልቷል። አለቃዬ ሳይቀር መጥቷል፤ የትርንጎ እናትም አሉ። እኔ ሱፌን ለብሼ፣ ናሆምን አቅፌ ፊት ወንበር ላይ ጉብ!

ትርንጎ ማንበብ ጀመረች።

የጣሊያን ወታደሮች ወደ መንደሩ እየወጡ ነው። ሚስትየዋ፣ የሺ፣ ለአርበኞች የምታደርሰውን ጥይት በቅል ባለ ቅቤ ውስጥ ደብቃ፣ ቅሉን አዝላ በመሃላቸው ልታልፍ ተነሳች። ባልየውስ?

ጎተራ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ!

ይባስ ብሎ፣ ከጣሊያን ይልቅ የሚፈራው አይጥ ነው!

በእናታችሁ! እኔ አይጥ እንደምፈራ የማያውቅ የመሥሪያ ቤታችን ሰው የለም። አንድ ቀን አንዷን አይቼ ጠረጴዛ ላይ ስወጣ ቪዲዮ ቀርጸውኛል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አለቃዬ ዞሮ አየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ።

ናሆም በሳቁ ደንግጦ አለቀሰ። ይዤው ወጣሁ። እውነት ለመናገር፣ ሰበብ ማግኘቴ ነው።

ውጭ ደረጃው ላይ ልጁን እያባበልኩ በውስጤ ስንገበገብ ቆየሁ። ሰዉ ሲወጣ አንዳንዱ ዓይኑን እየጠረገ እጄን ይጨብጠኛል። በሳቅ ብዛት ያለቀሱ መሰለኝ። ትርንጎ ስትመጣ አላስችለኝ አለ።

"ባሌ ፈሪ ነው ለማለት መጽሐፍ ማሳተም ያስፈልግሽ ነበር?" ብዬ ጮህኩባት። አለቃዬ ፊት! አማቴ ፊት!

የመለሱልኝ አማቴ ናቸው።

"ምነው ልጄ፣ አልጨረስከውም እንዴ? ሰውየው እኮ ሕፃኑን ይዞ ነው የተደበቀ።"

መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብዬ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የሺ ልጇን ይዛ በወታደሮቹ መሃል ማለፍ አትችልም፤ ቢያስቆሟትና ቢፈትሿት አብሯት ማለቁ ነው። ስለዚህ ባልየው ሕፃኑን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ጎተራ ገባ። ወታደሮቹ ግቢውን ሲያስሱ አይጥ በእግሩ ወጥታ እስከ አንገቱ ሄደች። ንቅንቅ አላለም። ልጁም አልነቃም። የሺም በሰላም አለፈች።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ይህ ነገር እኮ በእኔ ደርሷል! ባለፈው ክረምት ናሆም አልቅሶ አልቅሶ ደረቴ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ትርንጎ ጓዳ ውስጥ የመጨረሻውን ምዕራፍ ትጽፋለች። አይጥ እግሬ ላይ ወጣች። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ማን ያምነኛል?

ለካ በር ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል!

"ያን ቀን ምዕራፉን የጨረስኩት ባንተ ነው" አለችኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እናንተዬ፣ ይህችን ሴት እንዴት አልወዳት! እኔ በራሴ ላይ ሳላየው የቀረሁትን ነገር እሷ ሽሮ እያማሰለች አይታዋለች።

አሁን ቤት ገብተናል። ይህን የምጽፍላችሁ ናሆም ደረቴ ላይ ተኝቶ በአንድ እጄ ነው። መጽሐፉ አጠገቤ አለ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬዋለሁ። ትርንጎም ጓዳ ገብታ ሁለተኛውን መጽሐፍ እየጻፈች ነው።

አልጋው ሥር ግን የሆነ ነገር ኮሽ እያለ ነው።

ኧረ በማርያም፣ አይጥ አይደለም በሉኝ?