የማርታ ሁለተኛ ዓይን

ሰው ሥዕል ፊት ቆሞ ዝም ሲል አንጀቴ አይችልም። ማስረዳት አለብኝ። ማን ጠየቀህ? ማንም! የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ እዚህ ስደት አገር፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር በጆሮ ማዳመጫ የሰማሁትን ነው የማወራው። ግን ያወቁትን ሆድ ውስጥ ይዞ መዞር ያሳክካል እኮ።

ቅዳሜ ከሰዓት ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አንድ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ስለ ኤል ሳልቫዶር ባህል ነው። ሠዓሊዎቹ ግን አንዷ ኮሪያዊት፣ አንዱ ፖላንዳዊ፣ አንዷ ደግሞ የእኛዋ ሰላማዊት። ሳልቫዶራዊ የሚባል የለም! ሰርግ ያለ ሙሽራ አልኩ በልቤ። ቆይ፣ አትቸኩሉ፣ ሙሽራዋ ትመጣለች።

ኮሪያዊቷ በዚያ አገር የሚሠሩትን የሸክላ ሥራዎች አይታ የራሷን ሠርታለች። ከውጭ ሲያዩት እንቁላል ነው። ክዳኑን ሲያነሱት ውስጡ ገበያ! ጥፍር የምታክል ሴት፣ ቁንጫ የምታክል ዶሮ ታቅፋ። ፖላንዳዊው እዚያው አገር ከቅጠል በሚወጣ ሰማያዊ ቀለም ጨርቅ ነክሮ ሰቅሏል፤ ጣቶቹ እስካሁን ሰማያዊ ናቸው። ይህን ሁሉ ያስረዳሁት ከዝናብ ለመጠለል ለገባ ሰውዬ ነው። ዝናቡ ሳያባራ ወጣ።

ሰላማዊትስ? እሷ ስካርቦሮ ሰፈር ከአንዲት ሳልቫዶራዊት ምግብ ቤት በላይ ነው የምትኖረው። ሴትየዋ ማርታ ትባላለች፤ ፑፑሳ ትሠራለች። ፑፑሳ ማለት ሆዱ ውስጥ አይብ የተቀበረበት የበቆሎ ቂጣ ነው። በረዶው ሲከብድ፣ ሰላማዊት ከሥራ ስትገባ ማርታ ሳህን ሳታስይዛት ደረጃውን አታስወጣትም ነበር። ሰላማዊት ታዲያ ውለታዋን በሥዕል ልመልስ አለች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አሣሣል፣ ዓይኗን ጎላ አድርጋ፣ ማርታን ከነብረት ምጣዷ ሳለቻት። ማርታ ሥዕሉን አላየችውም። ሰላማዊት በጭንቀት ጥፍሯን በልታ ጨርሳለች። ካልወደደችው አወርደዋለሁ፣ ፊቱ የእሷ ነው ብላ ምላለች።

መጀመሪያ የደረሱት ግን የሰላማዊት አጎት ጋሽ ተፈራ ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። ከዚያ አዳራሹ እስኪሰማ፦

«አንቺ ልጅ! ይቺ ሴት ምን በደለችሽ?»

«ኧረ ምንም ጋሼ! ምነው?»

«በጎን ሳልሻት እኮ! አንድ ዓይን ብቻ! ይሁዳ ናት እንዴ?»

ለማያውቅ ላስረዳ፣ ይሄን ሳስረዳ ደስ ይለኛል። በጥንቱ ሥዕላችን ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ከሃዲ ነው፣ ወይ ሰይጣን። ሰላማዊት ማርታን ምጣድ ላይ አጎንብሳ ነው የሳለቻት፤ ሕጉ ጭራሽ ትዝ አላላትም። ትዝ ያላት አሁን፣ ማርታ የፑፑሳ ትሪ ተሸክማ በሩ ላይ ስትቆም ነው።

ማርታ ሽማግሌው ምን አሉ ብላ ጠየቀች። ሰላማዊት ወለሉን አየች። ጋሽ ተፈራ ኮርኒሱን። ቀረሁ እኔ! ዕድሜ ልኬን ሳልጠየቅ ሳስረዳ ኖሬ፣ ስጠየቅ መናገር አስጠላኝ። ምላሴ ግን መቼ አማክሮኝ ያውቃል? ጻድቁንም፣ ይሁዳንም፣ ሰይጣኑንም ዘረገፈው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ!

ሰላማዊት ሥዕሉን ልታወርድ እጇን ዘረጋች። ሁለተኛውን ዓይን እጨምርልሻለሁ፣ ትንሽ ቀን ብቻ ስጪኝ አለች።

ማርታ ትሪውን ለጋሽ ተፈራ አስታቀፈቻቸውና እጇን ያዘቻት።

«እንዳትነኪው ልጄ! በሁለት ዓይኔ አንቺን ካየሁ ፑፑሳውን ማን ያይልኛል? ያርር ነበር እኮ!»

ቀጥላም፣ ቀስ ብላ፣ እናቴንም የማውቃት ከጎኗ ነው አለች። ምጣድ ላይ አጎንብሳ ነው ያሳደገችን፤ ፊቷን ዞር ብላ ያየችን ቀን ቢኖር ጥፋት ያጠፋን ቀን ነው። ይህን ብላ ሥዕሉን ትክ ብላ አየችው። ሰላማዊት አለቀሰች። ጋሽ ተፈራም እንዲተረጎምላቸው ጠየቁና ትሪውን እንዳቀፉ አንገታቸውን ደጋግመው ነቀነቁ።

ማርታ ሥዕሉ ሥር ፎቶ እንነሣ አለች። ኮሪያዊቷ አነሳችን። ፎቶው ትናንት ደረሰኝ። ማርታ ሥዕሉን፣ ሰላማዊት ማርታን፣ ጋሽ ተፈራ ትሪውን፣ ሌላው ሕዝብም ትሪውን ያያል። ሁሉም በጎን፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ ፈጦ የሚታየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ፣ አፌን ከፍቼ ኮሪያዊቷን ስለ ብርሃን አቅጣጫ ሳስረዳት።

በሕጉ መሠረት እንግዲህ ጻድቁ እኔ ብቻ ነኝ። ፑፑሳ ያልደረሰውም እኔ ብቻ ነኝ።